የሥራ ሂደት ማሻሻያ ፕሮጀክት ቻርተር አዘገጃጀት፦ አስቸኳይ የማዋለድ ቀዶ ሕክምናን በምሳሌነት

መግቢያ

በጤና ተቋማት ከሚያጋጥሙ መጓተቶች ብዙዎቹ ከባለሙያ የዕውቀት ማነስ የሚመነጩ አይደሉም። ሐኪሙ ምን ማድረግ እንዳለበት ያውቃል፤ አዋላጅ ነርሷም ታውቃለች፤ የሰመመን ባለሙያውም ሥራውን ጠንቅቆ የተማረ ነው። ሆኖም አንዲት እናት ከማዋለጃ ክፍል ወደ ቀዶ ሕክምና ክፍል ስትዛወር፣ የደም ናሙናዋ ወደ ላቦራቶሪ ሲሄድና ውጤቱ ሲመለስ፣ በእያንዳንዱ ርክክብ ላይ ጊዜ ይባክናል። ይህ የሚባክነው ጊዜ በየትኛውም ክፍል ሪፖርት ውስጥ አይገኝም፤ እያንዳንዱ ክፍል የሚመዘግበው የራሱን ድርሻ ብቻ ነውና። የሥራ ሂደት ማሻሻያ የሚባለው ዘዴ ትኩረቱን የሚያሳርፈው በዚህ በክፍሎች መካከል ባለ ክፍተት ላይ ነው።

የዚህ ዓይነት ሥራ መነሻ ሰነድ የፕሮጀክት ቻርተር ይባላል። ቃሉ ለአንባቢ እንግዳ ላይሆን ይችላል። በየሆስፒታሉ ግድግዳ ተሰቅሎ የምናየው የዜጎች ቻርተር ግን ተቋሙ ለተገልጋዩ የሚገባው ቃል ነው። የፕሮጀክት ቻርተር ከዚህ የተለየ ሲሆን፣ ሥራውን በሚፈቅደው ኃላፊና ሥራውን በሚያከናውነው ቡድን መካከል የሚደረግ የጽሑፍ ስምምነት ነው። ምን እንደሚሻሻል፣ መሻሻሉ በምን እንደሚታወቅ፣ ሥራው ከየት ተነሥቶ የት እንደሚቆም፣ ማን እንደሚሠራውና ኃላፊው በበኩሉ ምን እንደሚያሟላ በአንድ ወይም ቢበዛ በሁለት ገጽ ያሰፍራል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ አዘገጃጀቱን ከጤና ተቋማት በተወሰደ አንድ ምሳሌ ማብራራት ነው።

ጥቂት ስለ አመጣጡ

የሂደት ማሻሻያ ሐሳብ የተወለደው በፋብሪካ ውስጥ ነው። ዋልተር ሹሃርት እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ በአሜሪካ የስልክ መሣሪያዎችን ጥራት ለመከታተል የቀመረውን የቁጥጥር ሰንጠረዥ ኤድዋርድስ ዴሚንግ አስፋፍቶ ለዓለም አስተዋወቀ። በ1980ዎቹ የሞቶሮላ ኩባንያ ስድስት ሲግማ የተባለውን ዘዴ አመጣ። ኋላ ላይ ይህ ዘዴ መወሰን፣ መለካት፣ መተንተን፣ ማሻሻልና መቆጣጠር በሚሉ አምስት ምዕራፎች የተደራጀ ሲሆን፣ ቻርተር የሚጻፈው በመጀመሪያው ምዕራፍ ነው።

በጤናው ዘርፍ ይበልጥ የተለመደው ግን እ.ኤ.አ. በ1996 ላንግሌይና ባልደረቦቹ በመጽሐፍ ያቀረቡት የማሻሻያ ሞዴል ነው። ሞዴሉ በሦስት ጥያቄዎች ይጀምራል። የመጀመሪያው ልናሳካ የምንፈልገው ምንድን ነው የሚል ነው። ሁለተኛው ያደረግነው ለውጥ መሻሻል መሆኑን በምን እናውቃለን ሲል፣ ሦስተኛው ወደዚያ የሚያደርሰን የትኛው ለውጥ ነው ብሎ ይጠይቃል። ቻርተር የመጀመሪያዎቹን ሁለት ጥያቄዎች የሚመልስ ሰነድ ነው። ሦስተኛው ጥያቄ ሆን ተብሎ ክፍት ይተዋል። በዚህ ጸሐፊ አመለካከት በተቋሞቻችን የሚዘጋጁ የማሻሻያ ሰነዶች ዋነኛ ጉድለት ሦስተኛውን ጥያቄ ከሁሉ አስቀድመው መመለሳቸው ነው።

ነባር ባልደረቦቻችን በ1990ዎቹ ማብቂያና በ2000 ዓ.ም. መግቢያ ገደማ በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የተካሄደውን መሠረታዊ የሥራ ሂደት ለውጥ ያስታውሱ ይሆናል። ያ አካሄድ ነባሩን አሠራር ወደ ጎን ትቶ ከባዶ ወረቀት የሚነሣ ነበር። እዚህ የምንናገርለት ግን ያለውን ሂደት ይዞ በትንንሽ ሙከራዎች የሚያሻሽል ሥራ ነው፤ ስለሆነም ቻርተሩ ያለውን ሂደት በሚገባ ማወቅን ይጠይቃል።

ለምሳሌ የተመረጠው ሂደት

አስቸኳይ የማዋለድ ቀዶ ሕክምና እንዲደረግ ከተወሰነበት ሰዓት አንሥቶ ሕፃኑ እስከሚወለድበት ያለውን ጊዜ እንውሰድ። የእትብት መቅደም፣ የእንግዴ ልጅ ያለጊዜው መላቀቅ ወይም የማኅፀን መተርተር ባጋጠመ ጊዜ ደቂቃዎች የሕፃኑን፣ አንዳንድ ጊዜም የእናቲቱን ሕይወት ይወስናሉ። በብሪታንያ ያለው መመሪያ እጅግ አስቸኳይ የሆኑት በአብዛኛው በ30 ደቂቃ ውስጥ፣ አስቸኳይ ሆነው ለሕይወት ወዲያው አስጊ ያልሆኑት ደግሞ በአብዛኛው በ75 ደቂቃ ውስጥ እንዲከናወኑ ይመክራል። ይህ ለሀብታም አገሮችም ቢሆን ቀላል አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2006 በታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት፣ በዩኒቨርሲቲ ሆስፒታሎች ከተደረጉት አስቸኳይ ቀዶ ሕክምናዎች በ30 ደቂቃ ውስጥ የተጀመሩት ሁለት ሦስተኛው ያህል ብቻ ነበሩ።

ከዚህ በታች የሚጠቀሱት የአንድ አጠቃላይ ሆስፒታል ቁጥሮች ለማስረጃ ሳይሆን ለማስተማሪያ የተሰጡ መላ ምታዊ ቁጥሮች ናቸው።

የችግሩ መግለጫ

ቡድኑ ተሰብስቦ ችግሩን እንዲጽፍ ሲጠየቅ አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው የሚከተለው ዓይነት ዐረፍተ ነገር ነው፦ «በሆስፒታሉ ሁለተኛ የቀዶ ሕክምና ክፍል ባለመኖሩ እናቶች ለረጅም ሰዓት ስለሚጠብቁ፣ ተጨማሪ ክፍል ሊሠራ ይገባል።» ዐረፍተ ነገሩ እውነት ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ችግሩን፣ ምክንያቱንና መፍትሔውን ባንድ ትንፋሽ ስለሚናገር ለምርመራ ቦታ አይተውም። ቻርተሩ በዚህ መልክ ከተፈረመ ቡድኑ ከዚያ በኋላ የሚሠራው በጀት መጠየቅና መልስ መጠበቅ ብቻ ይሆናል። ያለው አንድ ክፍል ለሊት ባዶ ሆኖ ሳለ እናቲቱ ደም እስኪመጣላት፣ ወይም የሰመመን ባለሙያው ከማረፊያው እስኪጠራ ትጠብቅ እንደነበር የሚያይ አይኖርም።

ሌላው የተለመደ አጻጻፍ ደግሞ «የቀዶ ሕክምና ክፍል ሠራተኞች ቸልተኝነት» የሚል ነው። ይህ ከመጀመሪያውም የከፋ ነው። ተከሳሽ የሆነ ክፍል ለማሻሻያው አይተባበርም፤ መዝገቡንም በነጻነት አያሳይም።

እኛ ሐኪሞች ይህን መረዳት አያቅተንም። ሕመምተኛ «ታይፎይድ አለብኝ፣ መርፌ ይታዘዝልኝ» ብሎ ሲገባ ቃሉን እንደ ምርመራ ውጤት አንቀበልም። ትኩሳቱ መቼ እንደጀመረ፣ ምን ያህል እንደሆነና ምን እንደተከተለው እንጠይቃለን። የችግር መግለጫም እንደ ዋና ሕመም መጻፍ ያለበት ነው፤ የሚታየውን ብቻ ከነጊዜውና ከነመጠኑ ይናገራል። ከላይ ያለው ዐረፍተ ነገር ሲታረም የሚከተለውን ይመስላል፦

«ከመስከረም 1 ቀን እስከ ኅዳር 30 ቀን ባሉት ሦስት ወራት አስቸኳይ የማዋለድ ቀዶ ሕክምና የተወሰነላቸው 60 እናቶች ካርድ ታይቷል። በ9ኙ ላይ የውሳኔው ሰዓት አልተጻፈም። ሰዓቱ በተጻፈባቸው 51 ካርዶች ከውሳኔ እስከ ልደት ያለው ጊዜ መካከለኛ ዋጋ 84 ደቂቃ ነው። በ75 ደቂቃ ውስጥ የተወለዱት 21፣ በ30 ደቂቃ ውስጥ የተወለዱት 3 ናቸው።»

በዚህ ውስጥ ማንም አልተከሰሰም፤ ምንም ግንባታም አልተጠየቀም። ሆኖም ያነበበ ሁሉ ጉዳዩ አሳሳቢ መሆኑን ይረዳል። ያልተጻፉት 9 ካርዶች ከመግለጫው አለመውጣታቸውም ልብ ሊባል ይገባል። ሰዓቱ ሳይጻፍ የቀረው ምናልባት ጥድፊያው ከሁሉ በበረታበት ጊዜ ሊሆን ስለሚችል፣ እነርሱን መተው ሥዕሉን ያዛባዋል። ከአማካይ ይልቅ መካከለኛ ዋጋ የተመረጠውም አንዲት 6 ሰዓት የጠበቀች እናት አማካዩን ብቻዋን ስለምታንረው ነው። የእርሷ ጉዳይ ራሱን ችሎ ይመረመራል።

ሰዓቱ የማን ሰዓት ነው?

መነሻ መረጃ ሲሰበሰብ በእኛ አገር የሚያጋጥም አንድ ችግር በውጭ መጻሕፍት አይገኝም። የማዋለጃ ክፍሉ መዝገብ የውሳኔውን ሰዓት «8፡20» ሲል፣ የቀዶ ሕክምና ክፍሉ መዝገብ የልደቱን ሰዓት «2፡55» ይላል። የመጀመሪያው በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 8፡20 ሲሆን ሁለተኛው በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፈ ነው። ትክክለኛው ልዩነት 35 ደቂቃ ነው። ሁለቱም በእኛ አቆጣጠር የተጻፉ መስሎት የሚያሰላ መረጃ ሰብሳቢ ግን 6 ሰዓት ከ35 ደቂቃ ብሎ ይመዘግባል። በሁለቱ ክፍሎች ግድግዳ ላይ ያሉት ሰዓቶችም እርስ በርስ ላይስማሙ ይችላሉ፤ ይህ ጸሐፊ ባገለገለበት በአንድ ሆስፒታል የ11 ደቂቃ ልዩነት ነበራቸው።

ስለዚህ ቻርተሩ የመለኪያውን ትርጉም በዝርዝር ማስፈር ይኖርበታል። «የውሳኔ ሰዓት» ማለት ውሳኔውን የሰጠው ሐኪም ወይም የአስቸኳይ ቀዶ ሕክምናና ጽንስ ባለሙያ በካርዱ ላይ ትእዛዙን የጻፈበት ሰዓት ነው። «የልደት ሰዓት» ማለት ሕፃኑ ሙሉ በሙሉ የወጣበት ሰዓት ነው። ሁለቱም በአንድ አቆጣጠር፣ ለምሳሌ በእኛ ሆኖ «ቀን» ወይም «ሌሊት» የሚል ቃል ተጨምሮበት ይጻፋሉ፤ የሁለቱ ክፍሎች ሰዓቶችም በየሳምንቱ ሰኞ ጠዋት ይመሳከራሉ። ወርሃዊ ሰንጠረዥ የሚሠራ ከሆነ ጳጉሜን ከነሐሴ ጋር እንደምትቆጠር ይጻፍ፤ አለበለዚያ በየዓመቱ አንድ አስደንጋጭ ነጥብ በሰንጠረዡ ላይ ይታያል። እነዚህ ነገሮች ጥቃቅን ይመስላሉ። ዳሩ ግን ከስድስት ወር በኋላ «ተሻሽሏል፣ አልተሻሻለም» የሚል ክርክር ሲነሣ ዳኛው ይህ አንቀጽ ነው።

ግብ

ግቡ ከመነሻው መረጃ ጋር በአንድ መለኪያ መጻፍ አለበት። በምሳሌያችን ከ51 እናቶች 21ዱ፣ ማለትም 41 ከመቶ፣ በ75 ደቂቃ ውስጥ ወልደዋል። ግቡ «እስከ ግንቦት 30 ቀን ድረስ በ75 ደቂቃ ውስጥ የሚወልዱት ከ41 ከመቶ ወደ 70 ከመቶ እንዲያድጉ ማድረግ» ሊሆን ይችላል። «የእናቶችን ሞት መቀነስ» የሚለው ግብ ክቡር ቢሆንም ለዚህ ቻርተር አይስማማም። በአንድ ሆስፒታል በአምስት ወር ውስጥ የሚያጋጥመው የሞት ቁጥር አነስተኛ በመሆኑ፣ መቀነሱም ሆነ መጨመሩ በአጋጣሚ ይሁን በሥራው ውጤት ለመለየት አይቻልም።

እዚህ ላይ «ለምን 30 ደቂቃ አልሆነም?» ብሎ የሚጠይቅ ኃላፊ መኖሩ አይቀርም። መካከለኛ ዋጋው 84 ደቂቃ ለሆነ ሆስፒታል ሁሉንም በ30 ደቂቃ ብሎ መፈረም ሠራተኛው ከመጀመሪያው ቀን የማያምንበትን ቁጥር ማስቀመጥ ነው። እጅግ አስቸኳይ የሆኑት ጥቂት ጉዳዮች በመቶኛ ሳይሆን እያንዳንዳቸው በተናጠል፣ በተከናወኑ በ48 ሰዓት ውስጥ በቡድኑ እንዲታዩ በቻርተሩ ቢጻፍ ይሻላል።

ወሰን

ታዴየስና ሜይን እ.ኤ.አ. በ1994 የእናቶችን ሞት የሚያስከትሉ መዘግየቶችን በሦስት ከፍለዋል። የመጀመሪያው ሕክምና ለመፈለግ በመወሰን፣ ሁለተኛው ተቋም በመድረስ፣ ሦስተኛው ተቋም ከደረሱ በኋላ ሕክምናውን በማግኘት ላይ የሚከሰት ነው። የእኛ ቻርተር የሦስተኛው መዘግየት አንድ ቁራጭ ብቻ ነው፤ ይህንንም በግልጽ መናገር አለበት።

በስብሰባ ላይ ወሰን መጥበብ ሲጀምር የሚቃወም አይጠፋም። «ዋናው ችግር ጤና ጣቢያዎች ዘግይተው ሪፈር ማድረጋቸው ነው፤ አምቡላንሱስ?» ይባላል። ንግግሩ ልክ ነው። ነገር ግን ቡድኑ በጤና ጣቢያዎቹም ሆነ በአምቡላንስ ስምሪቱ ላይ ሥልጣን የለውም። ሥልጣን የሌለበትን ነገር በወሰኑ ውስጥ ያስገባ ቻርተር ለቡድኑ ዘላለማዊ ምክንያት ይሰጠዋል። ስለሆነም «በወሰኑ ውስጥ ያልተካተቱ» የሚለው ንዑስ ክፍል «የተካተቱ» ከሚለው እኩል ቦታ ይሰጠው፦

«ሂደቱ የሚጀምረው ትእዛዙ በካርድ ላይ ሲጻፍ፣ የሚያበቃው ሕፃኑ ሲወለድ ነው። የስምምነት ፊርማ፣ የደም ናሙናና ክሮስማች፣ የሰመመን ባለሙያ ጥሪ፣ የቃሬዛ ጉዞ፣ የቀዶ ሕክምና ክፍል ዝግጅትና ሰመመን በውስጡ ይካተታሉ። የሪፈር ሥርዓት፣ አምቡላንስ፣ የደም ባንክ አቅርቦት፣ አዲስ ግንባታና የሠራተኛ ቅጥር አይካተቱም። በቀጠሮ የሚደረግ ቀዶ ሕክምናም አይካተትም።»

የተተዉት ጉዳዮች እንዲረሱ አይደለም፤ ኃላፊው በሌላ መድረክ እንዲይዛቸው በስብሰባው ቃለ ጉባኤ ይመዘገባሉ።

ፍጥነት የሚያስከፍለው ዋጋ

አንድን ነገር ለማፋጠን ሲሞከር ሌላው ሊጎዳ ይችላል። ስለዚህ ከዋናው መለኪያ ጎን ሚዛን የሚጠብቁ ሁለት ወይም ሦስት መለኪያዎች በቻርተሩ ይካተታሉ። በምሳሌያችን የመጀመሪያው ከቆዳ መቆረጥ በፊት መከላከያ አንቲባዮቲክ ያገኙ እናቶች ድርሻ ነው። ሁለተኛው ሙሉ ሰመመን የተሰጣቸው ድርሻ ነው፤ ለመቸኮል ሲባል የወገብ ሰመመን መተው ከጀመረ እዚህ ይታያል። ሦስተኛው ለእናቶች ቦታ ለመልቀቅ ሲባል ወደኋላ የተገፉ ሌሎች አስቸኳይ ቀዶ ሕክምናዎች ቁጥር ነው። ትርፍ አንጀቱ የፈነዳ ወጣትም በዚያው በር ላይ ይጠብቃልና።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2008 ያወጣው የቀዶ ሕክምና ደኅንነት ማረጋገጫ ዝርዝርም ጊዜ ለመቆጠብ መዘለል የለበትም። በስምንት ከተሞች ሆስፒታሎች ተሞክሮ በ2009 በታተመው ጥናት ሞት ከ1.5 ወደ 0.8 ከመቶ፣ የተወሳሰበ የጤና ችግር ከ11 ወደ 7 ከመቶ ዝቅ ብሏል። ሦስቱ የማረጋገጫ ፋታዎች የሚወስዱት ጥቂት ደቂቃ ነው፤ ትልቁ የጊዜ ብክነት ሌላ ቦታ ነው ያለው።

ከዚህ የረቀቀ ሌላ አደጋም አለ። ሰዓቱ መቆጠር የሚጀምረው ትእዛዝ ሲጻፍ መሆኑ ከታወቀ፣ ሁሉም ነገር ተዘጋጅቶ እስኪያልቅ ትእዛዙን አለመጻፍ ቁጥሩን ያሳምረዋል። ይህ የግድ በክፋት የሚደረግ አይደለም። ስለሆነም በየወሩ ጥቂት ካርዶች ተመርጠው የውሳኔው ሰዓት ከፓርቶግራፉና ከአዋላጇ ማስታወሻ ጋር እንዲመሳከር በቻርተሩ ይጻፋል።

ሰዎችና ሥልጣን

የቡድን አባላት ዝርዝር በማዕረግ ቅደም ተከተል መጻፉ የተለመደ ነው። እዚህ ግን መስፈርቱ ሂደቱን በእጁ የሚነካ ሰው መሆኑ ነው። አዋላጅ ነርስ፣ የሰመመን ባለሙያ፣ የቀዶ ሕክምና ክፍል ነርስ፣ የላቦራቶሪ ባለሙያና ሐኪም ሊኖሩበት ይገባል፤ ቃሬዛ የሚገፋው ሠራተኛም እንዲሁ። ሊፍቱ በየትኛው ሰዓት እንደሚቆምና የትኛው በር ለሊት እንደሚቆለፍ የሚያውቀው እርሱ ነው። በአሜሪካ ሚሺጋን ግዛት በ103 የፅኑ ሕሙማን ክፍሎች ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2006 በታተመው ሥራ፣ በእያንዳንዱ ክፍል ቢያንስ አንድ ሐኪምና አንድ ነርስ በጋራ መሪ ሆነው ተመድበው ነበር። በማዕከላዊ የደም ሥር ቱቦ ሳቢያ የሚመጣው የደም ኢንፌክሽን መካከለኛ ዋጋ ከ1000 የቱቦ ቀናት 2.7 የነበረው በሦስት ወር ውስጥ ወደ ዜሮ ወርዷል። የጥምር መሪነት ድርሻ ለብቻው ባይለካም፣ ሐኪም ብቻውን የሚመራው ቡድን ነርሶች ዝም የሚሉበት ቡድን እንዳይሆን መጠንቀቁ ተገቢ ነው።

ቻርተሩን በፊርማው የሚያጸድቀው ደጋፊ ኃላፊ፣ ሂደቱ በሚያልፍባቸው ክፍሎች ሁሉ ላይ ማዘዝ የሚችል ሰው መሆን አለበት። የላቦራቶሪ ኃላፊው ለጽንስና ማኅፀን ክፍል ኃላፊ ስለማይታዘዝ፣ እዚህ የሚያስፈልገው የሆስፒታሉ ሜዲካል ዳይሬክተር ነው። የእርሱ ግዴታም ይጻፋል፦ ለአባላቱ በሳምንት አንድ የሥራ ሰዓት መፍቀድ፣ በወር አንድ ጊዜ ከቡድኑ ጋር መቀመጥ፣ ሁለት የግድግዳ ሰዓትና መመዝገቢያ ቅጽ ማሟላት። የኃላፊው ግዴታ የሌለበት ቻርተር ከትእዛዝ ደብዳቤ አይለይም።

ቡድኑ ሳያስፈቅድ መለወጥ የሚችለውም ተለይቶ ይሰፍራል። የአስቸኳይ ቀዶ ሕክምና ዕቃዎች የት እንደሚቀመጡ፣ ናሙናውን ማን እንደሚያደርስ፣ ጥሪው በምን ቅደም ተከተል እንደሚደረግ መሞከር ይችላል። የተረኛ ድልድልን፣ የትርፍ ሰዓት ክፍያንና ግዢን ግን በራሱ አይነካም።

ጊዜና ማሻሻያ

የጊዜ ሰሌዳው የተቋሙን ዓመት ማወቅ ይኖርበታል። የግቡ ቀን ግንቦት 30 የሆነው ሰኔ የበጀት መዝጊያና የሪፖርት ወር በመሆኑ ነው። ተለማማጅ ሐኪሞች ክፍል የሚቀያየሩበት ቀንም በሰሌዳው ላይ ቢሰፍር፣ የተማረው ሰው ሄዶ ያልተማረው በሚመጣበት ሳምንት ውጤቱ ሲያዘቀዝቅ ቡድኑ አይደናገጥም። በወር 20 ያህል እናቶች ብቻ በሚኖሩበት ሆስፒታል የአንዲት እናት መዘግየት የወሩን ውጤት በ5 ከመቶ ስለሚለውጥ፣ እያንዳንዷ እናት በሰንጠረዡ ላይ አንድ ነጥብ ሆና ብትታይ ከወርሃዊ መቶኛ የበለጠ ያስተምራል።

ሥራው የተለመደ አገልግሎትን ለማሻሻል ብቻ እስከሆነ ድረስ ቻርተሩ የምርምር ንድፈ ሐሳብ አይደለም፤ የመመረቂያ ጽሑፍ ልማድ ይዞን ወደ 20 ገጽ ልናሳድገው አይገባም። እናቶችን በዕጣ ለተለያየ አሠራር ለመመደብ ወይም ውጤቱን እንደ ምርምር ለማሳተም ከታሰበ ግን አስቀድሞ ለሥነ ምግባር ኮሚቴ ይቅረብ። በሁለቱም ሁኔታ የእናቶች ስም ከካርድ ክፍል አይወጣም።

ቻርተር ከተፈረመ በኋላም ሊለወጥ ይችላል። በመጀመሪያዎቹ አራት ሳምንታት የተሻለ መረጃ ሲሰበሰብ መነሻው 84 ሳይሆን 100 ደቂቃ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። በዚህ ጊዜ አሮጌው ቅጂ ሳይጣል አዲሱ ከነቀኑ ተጽፎ እነዚያው ሰዎች ዳግመኛ ይፈርሙበታል። ግቡ ለተከታታይ ሦስት ወራት ከተጠበቀ ቡድኑ ይበተናል፤ መለኪያውን መከታተል ከዚያ በኋላ የሂደቱ ባለቤት ተብሎ በቻርተሩ ላይ ስሙ የሰፈረው ሰው፣ በምሳሌያችን የማዋለጃ ክፍሉ አስተባባሪ፣ መደበኛ ሥራ ይሆናል። እስከ መጋቢት 30 ቀን ምንም ለውጥ ካልታየ ደግሞ ቡድኑና ኃላፊው ተቀምጠው ወሰኑን እንደገና ያጠብባሉ ወይም ሥራውን ያቆማሉ፤ ይህም ቀን በመጀመሪያው ገጽ ላይ ከፊርማው አጠገብ ይጻፋል።